ከደመወዝ በፊት የሚጠየቅ ልብስ

ልብስ ለሰው ልጅ ከሚሰጠው ጥቅም የመጀመሪያው ሰውነትን ከብርድና ከፀሐይ መጠበቅ፤ ሁለተኛውም ኀፍረትን መሸፈን ነው። ሦስተኛው ጥቅሙ ግን ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ ነው፤ ይኸውም ሰው አፉን ከመክፈቱ አስቀድሞ ስለ እርሱ የሚናገርለት መሆኑ ነው። ብርዱን ለመከላከል አንድ ጋቢ ይበቃ ይሆናል፤ ኀፍረትንም ለመሸፈን የተጣፈ ልብስ ቢሆን አያንስም። በፈታኞች ፊት ቀርቦ ለአንድ ሥራ የተገባ ሆኖ ለመታየት ግን ሁለቱም አይበቁም። ስለዚህ ሥራ የሚፈልግ ድኻ ሰው፣ ኑሮው የተደላደለለት ሰው ከቶ በማያስበው በአንድ ችግር ላይ ይወድቃል።

ችግሩም እንዲህ ያለ ነው። ሥራ ለማግኘት ደኅና ልብስ ለብሶ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ደኅና ልብስ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም የሚገኘው ከሥራ ነው። ነገሩ እንዲህ እየዞረ ወደ ተነሣበት ስለሚመለስ፣ ድኻው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ትምህርቱን በመልካም ውጤት የፈጸመ ወጣት፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዞር ከርሞ፣ በመጨረሻ ለቃል ፈተና የተጠራ እንደ ሆነ፣ ከመደሰቱ ይልቅ «ምን ለብሼ እሄዳለሁ?» ብሎ ይጨነቃል። ከወንድሙ ኮት፣ ከጎረቤቱ ጫማ ይዋሳል። ኮቱ በትከሻው ላይ ይሰፋበታል፤ ጫማው እግሩን ይነክሰዋል፤ በፈታኞቹም ፊት ሲቀመጥ ልቡ ከሚጠየቀው ጥያቄ ይልቅ እጅጌውን በመሰብሰብና እግሩን ከወንበር በታች በመደበቅ ላይ ይሆናል። የሚዋስበት ዘመድና ጎረቤት ያጣ እንደ ሆነ ደግሞ ሳይሄድ ይቀራል። ሳይሄድ የቀረውን ሰው ማንም አይቈጥረውም፤ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ «አልቀረበም» ብሎ ይጽፈዋል እንጂ «ጫማ አልነበረውም» ብሎ አይጽፈውም።

በጥንት ዘመን በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ትልቅ ሹመት የተሰጠው ሰው ከሹመቱ ጋራ ካባ ወይም ለምድ ይለብስ ነበር። በዚያ ሥርዐት ውስጥ አንድ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ልብሱን የሚያለብሰው ሿሚው እንጂ፣ ተሿሚው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው አለመሆኑ ነው። ማዕርጉ ልብስን ያስገኝ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ሥርዐት ተገልብጦ፣ ልብሱ ከሹመቱ አስቀድሞ ይፈለጋል። ባለጠጋው ለብሶ ስለሚመጣ መገልበጡ አይታወቀውም፤ ድኻው ግን ገና ከደጅ ሳለ ይመለስበታል።

ይህን ችግር ተረድተው መድኀኒት የፈለጉለት ሰዎች በልዩ ልዩ አገር ተነሥተዋል። ሥራቸውም ለኢትዮጵያ ከተሞች ትምህርት የሚሆን ስለ ሆነ፣ ዋና ዋናውን እዚህ ላይ መግለጽ ይገባል። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ1996 የፈረሙት ሕግ፣ ለድኾች ቤተ ሰቦች ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ርዳታ በሰው ዕድሜ ሙሉ ከ5 ዓመት እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ርዳታ ተቀባዮቹ ወደ ሥራ እንዲገቡ የሚያስገድድ ነበር። በዚህም ምክንያት ልጆቻቸውን ለብቻቸው ያሳድጉ የነበሩ ብዙ እናቶች ሥራ ፍለጋ ወጡ። ሕጉ «ሥራ ያዙ» ቢልም፣ ሥራ ለመያዝ የሚለበሰው ልብስ በብዙዎቹ ቤት አልነበረም። በዚሁ ዘመን ናንሲ ሉብሊን የምትባል፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትማር የነበረች ወጣት፣ ከቅድመ አያቷ 5,000 ዶላር ወረሰች። ገንዘቡን ለራሷ ከማዋል ይልቅ፣ በስፓኒሽ ሐርለም ሰፈር ድኾችን ይረዱ ከነበሩ ሦስት መነኮሳዪያት ጋራ ተማክራ፣ «ድሬስ ፎር ሰክሰስ» የተባለውን ማኅበር መሠረተች። ማኅበሩ በ1997 ሥራውን ጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችና ከአሜሪካ ውጭ ባሉ አገሮችም ቅርንጫፎችን ከፍቷል።

የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን በማስተዋል የተደረገ ነው። አንዲት ሴት ወደ ማኅበሩ የምትመጣው የሥራ ማሠልጠኛ ወይም የችግረኞች መጠለያ የሆነ ሌላ ድርጅት ልኳት ነው፤ ስለዚህ በደጁ ላይ ችግረኛነቷን እንደ ገና ለማስረዳት አትገደድም። ከደረሰችም በኋላ እንደ ገበያተኛ ተቈጥራ፣ አንድ አስተናጋጅ ተመድቦላት፣ ለሰውነቷ የሚስማማውን ልብስ በመስተዋት ፊት እየሞከረች ትመርጣለች። ለቃል ፈተና የሚሆን አንድ ሙሉ ልብስ ይሰጣታል። ሥራውን ያገኘች እንደ ሆነ ግን ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ ተመልሳ ስትመጣ እያቀያየረች የምትለብሰው፣ ለሥራ ሳምንት የሚበቃ ልብስ ይጨመርላታል።

ይህ ሁለተኛው ስጦታ ከመጀመሪያው የማያንስ ብልኀት ያለበት ነው። ሰው ሥራ ባገኘበት ቀን ድኽነቱ አይለቀውም፤ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪከፈለው ድረስ እንደ ቀድሞው ድኻ ነው። ደመወዝ በወር መጨረሻ በሚከፈልበት አገር፣ አዲሱ ሠራተኛ በፈተናው ቀን የለበሰውን ያንኑ አንድ ልብስ ወር ሙሉ እየለበሰ፣ ሌሊት እያጠበና ጧት ሳይደርቅ እየለበሰ በባልንጀሮቹ ፊት ይመላለሳል። ለፈተናው ቀን ብቻ አልብሶ ለሠላሳው ቀን አለማሰብ፣ ወንዝ ለሚሻገር ሰው ግማሽ ድልድይ እንደ መሥራት ነው።

ይኸው አሳብ በሌሎችም ተስፋፍቷል። በኒው ዮርክ በ1999 «ካሪየር ጊር» የተባለ ማኅበር ወንዶችን ለማልበስ ተቋቋመ። በለንደን ደግሞ «ስማርት ዎርክስ» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2013 ተመሥርቶ፣ ወደ እርሱ የሚላኩትን ሴቶች ሁለት ሰዓት ያህል ያስተናግዳቸዋል፤ አንዱ ሰዓት ለልብስ፣ ሌላው ሰዓት ለቃል ፈተና ልምምድ ነው። በ2019 የሳሴክስ ዱቼስ የዚህ ድርጅት የበላይ ጠባቂ ሆነው ሳለ፣ ልብስ ሻጮች የሆኑ ኩባንያዎች ከድርጅቱ ጋራ ተስማምተው፣ ለዚሁ ተብሎ ከተሰፋው ልብስ አንድ በተሸጠ ቍጥር አንድ ለሥራ ፈላጊ ሴቶች እንዲሰጥ አደረጉ። ነጋዴ ትርፉን ሳይተው በጎ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ልብሱን ከመስጠት ይልቅ ማዋስን የመረጡም አሉ። በደቡብ ኮርያ የሴኡል ከተማ አስተዳደር ከ2016 ጀምሮ፣ ለቃል ፈተና ለሚቀርቡ ወጣቶች ኮትና ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ከረባትና ጫማ ለጥቂት ቀን በነፃ የሚያውስበትን አገልግሎት አቋቋመ። በአሜሪካም በፊላዴልፊያ ከተማ ፓስካልቪል በተባለ ሰፈር ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2016 መጽሐፍ እንደሚያውስ ሁሉ ከረባት ማዋስ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላም የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሪቨርሳይድ ቅርንጫፉ ከረባትን፣ የእጅ ቦርሳንና የሰነድ ቦርሳን በመዝገቡ ላይ ጨመረ። መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ከረባትም እንደሚመልስ እነዚህ ቤተ መጻሕፍት አመኑ።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውንም ሳይመልሱ ማለፍ ተገቢ አይደለም። አንዳንድ ሰዎች «ሰው የሚመዘነው በችሎታው እንጂ በልብሱ አይደለም፤ ስለዚህ ቀጣሪዎችን ማስተማር እንጂ ሥራ ፈላጊውን ማልበስ መድኀኒት አይሆንም» ይላሉ። ነገሩ በእውነቱ እንደዚህ ሊሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን የሰው ዐይን ለባለቤቱ እንኳ የማይታዘዝ መሆኑ በጥናት ታውቋል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 መጨረሻ ባወጡት ጥናት፣ የልዩ ልዩ ሰዎችን ፊት ሻል ካለና ዝቅ ካለ ልብስ ጋራ በፎቶግራፍ አድርገው ለብዙ ሰዎች አሳዩ፤ ተመልካቾቹም ያንኑ ፊት ሻል ካለ ልብስ ጋራ ባዩት ጊዜ፣ የበለጠ ችሎታ ያለው አድርገው ገመቱት። ፎቶግራፉ የታየው ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነበር። «ልብሱን አትመልከቱ» ተብለው ቢመከሩም፣ ልብሱን ትተው ለሚፈርዱትም ገንዘብ እንደሚሰጥ ቢነገራቸውም፣ ፍርዳቸው ከልብሱ ተጽዕኖ ሊወጣ አልቻለም። እንግዲህ «እኔ ልብስ አልመለከትም» የሚል ፈታኝ ሐሰት ባይናገር እንኳ ራሱን አያውቅም ማለት ነው። ቀጣሪዎችን ማስተማር መልካም ነው፤ ትምህርቱ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ድኻው ብቻ ሊሆን አይገባም።

ሌሎች ደግሞ «ልብስ ማልበስ አዲስ ሥራ አይፈጥርም፤ አንዱ ለብሶ ቢቀጠር ሌላው ሳይቀጠር ይቀራል፤ ታዲያ ጥቅሙ ምንድር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። በእውነት አንድ ሙሉ ልብስ አንድ ፋብሪካ አይከፍትም፤ የሥራ እጦትንም ከሥሩ አይነቅልም። ዳሩ ግን አንዱ ሥራ ለአንዱ ሰው መድረሱ የማይቀር ከሆነ፣ ለተሻለ ለባሹ ሳይሆን ለተሻለ ሠራተኛው መድረሱ ለአገር ጥቅም ነው። የሂሳብ ችሎታ ያላት ወጣት ጫማ በማጣቷ ቀርታ፣ ከእርሷ ያነሰ ችሎታ ያለው ሰው ጥሩ ኮት ስላለው የገንዘብ መዝገብ ያዥ ቢሆን፣ የተበደለችው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ መሥሪያ ቤቱም ባለጉዳዩም ተበድለዋል። ስለዚህ ሥራ ፈላጊን ማልበስ ለአንዱ ማድላት ሳይሆን፣ አስቀድሞ የነበረውን አድልዎ ማረም ነው።

«የተውሶ ልብስ ለብሶ መቅረብ ማስመሰልና ማታለል ነው» የሚሉም አይጠፉም። በሐሰተኛ ምስክር ወረቀት የሚቀርብ ሰው በእርግጥ አታላይ ነው፤ የሌለውን ዕውቀት አለኝ ብሏልና። በተዋሰው ኮት የሚቀርብ ግን ስለ ዕውቀቱ ምንም አልዋሸም። ኮቱ የሚናገረው «ይህን ሥራ አክብሬ መጥቻለሁ» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይህም ቃል እውነት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ልብስ ብቻውን ሁሉን ያደርጋል ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባ ከራሷ የተገኘ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ኢኮኖሚስቱ ግሩም አበበና ባልደረቦቻቸው በዚህችው ከተማ በሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ያደረጉት ጥናት በ2021 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ለአንደኛው ወገን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማው መካከል የሚመላለሱበትን የመጓጓዣ ገንዘብ ሰጡ፤ ለሁለተኛው ወገን ደግሞ ችሎታቸውን በፈተና አስመዝነው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ፣ የማመልከቻ አጻጻፍንና የቃል ፈተና አቀራረብን እንዲማሩ አደረጉ። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱም ርዳታዎች መደበኛ ሥራ የማግኘትን ዕድል በብዙ ጨመሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የመጓጓዣው ገንዘብ ያስገኘው ጥቅም ጠፍቶ፣ ችሎታቸውን ማሳየት የተማሩት ወጣቶች ገቢያቸው ከፍ ብሎ፣ በሥራቸውም ረክተውና ጸንተው ተገኙ።

ጥናቱ ስለ ልብስ የተደረገ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ልብስም የሚያስተምረው አለ። በአንድ በኩል፣ ሥራ ፈላጊን ከደጅ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የአውቶቡስ ዋጋን የመሰለ ጥቂት ነገር እንደ ሆነ ያሳያል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሰውን እስከ በሩ ማድረስ ብቻ ጥቅሙ እንደማይዘልቅ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ልብስ የሚሰጥበት ቤት የቃል ፈተና ልምምድ የሚደረግበትም ቤት መሆን አለበት። የለንደኑ ድርጅት አንዱን ሰዓት ለልብስ፣ ሌላውን ሰዓት ለንግግር ማድረጉ ልክ ነው፤ ለብሶ የመጣ ሰው መናገር ካልቻለ፣ ልብሱ የጀመረውን ነገር አንደበቱ ሊፈጽመው አይችልምና።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ልብስ ከወዴት ይገኛል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞች ሙሽራውና ሚዜዎቹ ለአንድ ቀን ሰርግ ሙሉ ልብስ ያሰፋሉ ወይም ይገዛሉ። ተማሪውም ለምረቃው ቀን ቤተ ሰቡ ከጉሮሮው ቀንሶ ኮትና ሱሪ ይገዛለታል። ሰርጉና ምረቃው ካለፈ በኋላ ብዙው ልብስ በቁም ሣጥን ተሰቅሎ ባለቤቱ እስኪወፍር ድረስ ይጠብቃል፤ ከወፈረም በኋላ ለብል ይቀራል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋስ አንድ ሙሉ ልብስ ግን በዓመት 50 ያህል ሰዎችን ወደ ቃል ፈተና ያደርሳል። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ምሳሌ እዚህ ላይ በሌላ መልክ ይሠራል፤ ለአንዱ በሣጥን ውስጥ ሸክም የሆነው ኮት፣ ለሃምሳ ሰው በተራ ጌጥ ሊሆን ይችላልና።

የማዋስም ሥርዐት ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ ያለው ዕድር ድንኳንና ወንበር፣ ድስትና ሳሕን አከማችቶ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለሐዘን ቀን የሚሆን ድንኳን ለራሱ ሊገዛ ስለማይችል፣ ሁሉም ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ የጋራ ድንኳን ያኖራል፤ ድንኳኑንም የሚወስደው ሰው ለማኝ ነው ተብሎ አይታፈርም፤ ዕቃው የጋራ ነውና። ለሐዘን ቀን እንዲህ ማሰብ የቻለ ሕዝብ፣ ልጁ ለሥራ በሚፈተንበት ቀንም እንዲሁ ማሰብ አያቅተውም። ዕድር በዕቃ ቤቱ ከድንኳኑ አጠገብ ጥቂት ሙሉ ልብሶች፣ የሴቶች ቀሚስና ጃኬት፣ በልዩ ልዩ ቍጥር የሆነ ጫማ ቢያኖር፤ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማሠልጠኛዎችም ተመራቂዎቻቸው ልብሳቸውን ለሚቀጥለው ዓመት ተመራቂ የሚያስረክቡበት አንድ ክፍል ቢያዘጋጁ፤ የሥራ ፈላጊዎች መመዝገቢያ ጽሕፈት ቤቶችም ለቃል ፈተና የተጠራውን ወጣት ወደነዚህ ስፍራዎች ቢልኩት፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

የአሠራሩን ዝርዝር በሚመለከት ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሚሰጠው ልብስ ሰጪው ራሱ ለብሶ ወደ ሥራ ሊሄድበት የማያፍር መሆን አለበት፤ ቍልፉ የረገፈ፣ ክርኑ ያለቀ ልብስ ሰጥቶ መመስገንን መፈለግ ቤትን ማጽዳት እንጂ ድኻን ማልበስ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንድ ልብስ ሰፊ መኖር አለበት፤ ሱሪውን የሚያሳጥር፣ ኮቱን የሚያጠብ የሰፊ እጅ ከሌለ የተሰጠው ልብስ ሁሉ የሌላ ሰው ልብስ መስሎ ይታያል። ለሰፊውም ተገቢው ዋጋ ይከፈለው፤ የአንዱን ሥራ ፈላጊ ችግር በሌላው ሠራተኛ ነፃ ድካም ማቃለል ፍትሕ አይደለምና። ሦስተኛ፣ ጫማ አይዘንጋ፤ ኮት ሰጥቶ ጫማ የነሣ ሥራውን ግማሽ አድርጎታል። አራተኛ፣ ለቃል ፈተናው ልብሱ ይዋስ፤ ለተቀጠረው ግን የመጀመሪያውን ደመወዝ እስኪቀበል የሚያቀያይረው ልብስ ይሰጠው። ሲደላው ሌላ ልብስ ወደዚያው ቤት መመለስ ለእርሱ ክብር፣ ለቤቱም ዘላቂነት ይሆናል።

የተገባ ልብስ ሲባልም የግድ ኮትና ከረባት ማለት አይደለም። ንጹሕ የአገር ልብስ የለበሰች ሴት፣ ሸሚዙ የታጠበና የተተኰሰለት ወጣት ለብዙ ዐይነት ሥራ በሚገባ ለብሰዋል። ቀጣሪዎችም በዚህ ረገድ ግዴታ አለባቸው። ሥራው በመጋዘን ዕቃ መቍጠር ወይም መኪና ማደስ የሆነ እንደ ሆነ፣ ከረባት ያላሰረውን ዝቅ አድርጎ ማየት ለመሥሪያ ቤቱ አንዳች ጥቅም የለውም። በሥራ ማስታወቂያው ላይ «ንጹሕ የዘወትር ልብስ ይበቃል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምንም ወጪ የለበትም፤ ያችን መስመር ያነበበ ድኻ ግን ተዘግቷል ብሎ ያሰበው በር ክፍት መሆኑን ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠበቅ የሚገባው የተቀባዩ ክብር ነው። የታረዘን ማልበስ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የተመሰገነ ምግባር ነው፤ የተመሰገነውም በስውር ሲደረግ ነው። ዛሬ ግን ርዳታ በተሰጠ ቍጥር ተቀባዮቹን አሰልፎ፣ የተሰጣቸውን ዕቃ አስይዞ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ደንብ እየሆነ መጥቷል። ይህ በማናቸውም ርዳታ ላይ ነውር ነው፤ በዚህ ርዳታ ላይ ግን ከነውርም አልፎ ሥራውን ራሱን ያፈርሰዋል። ሥራ ፈላጊው የለበሰው ኮት የተለገሰ መሆኑ በሥዕል ከታወጀ፣ ፈታኙ ከኮቱ በፊት ልግሱን ያያልና። ስለዚህ የልብሱ ቤት በሩ ጸጥ ያለ፣ መዝገቡም የተሸሸገ ይሁን።

መንግሥት ለወጣቶች ሥራ መፍጠር አለበት፤ ባለሀብቱም ፋብሪካውን ማስፋፋት አለበት፤ ይህ ረጅም ዘመንና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለቃል ፈተና የተጠራችው ወጣት ግን ያን ሁሉ ዘመን ልትጠብቅ አትችልም። ለእርሷ የሚያስፈልጋት በልኳ የሆነ አንድ ቀሚስ፣ እግሯን የማይነክሳት አንድ ጥንድ ጫማ፣ ስለ ራሷ ሳትፈራ መናገርን የሚያለማምዳት አንድ አስተዋይ ሰው ነው። እነዚህ ሦስቱ ዛሬም በየሰፈሩ ይገኛሉ፤ የጐደለው የሚያገናኛቸው ሰው ብቻ ነው። እርሷ ከፈታኞቹ ፊት ቀርባ በችሎታዋ ብትወድቅ ፍርድ ነው፤ ስሟ ተጠርቶ «አልቀረበችም» ተብሎ ቢጻፍባት ግን፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ለአንድ ቀን ብቻ የተለበሰውን ልብስ የሚያይ ሰው ሁሉ ሊያስብበት ይገባዋል።